ፊትሽን ለየትኛው መብራት ነው የተቀባሽው?

"ፊት ሌላ፣ አንገት ሌላ!" በሠርግ ሰሞን ይህቺን ሐሜት ያልሰማ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ሰው ሁሉ እልል ይላል። ከእልልታው መሀል ግን አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ "ምን ነካት? አመድ አስመሰሏት እኮ!" ትላለች። ሐሜቱስ ይረሳል። የማይረሳው ፎቶው ነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ ካገባች ሦስት ዓመት አልፏታል። እስከ ዛሬ አንድም የሠርግ ፎቶ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችም። ልጅቷ ዓይን የምትይዝ ጠይም ናት። የሠርጓ ዕለት ያስዋበቻት ሴት ግን "ትንሽ ቀላ እናድርግሽ፣ ለፎቶ ያምራል" ብላ ከቆዳዋ በጣም የነጣ ፋውንዴሽን ለቀለቀቻት። ውበት ሳሎኑ ውስጥ፣ በቢጫው አምፖል ሲታይ ወርቅ መስሎ ነበር። መስክ ወጥተው ፎቶ ሲነሱ ፊቷ ግራጫ ሆኖ ቁጭ አለ። እናቷ አልበሙን ሲገልጡ "ልጄን የት አደረሷት?" አሉ አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ለመሆኑ ቀለሙን ማን ቀየረው? መብራቱ ነዋ! ቀለም ማለት ዓይናችን ላይ ተመልሶ የሚያርፍ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል። የብርሃን መልክ የሚለካው ኬልቪን በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ የሻማ ብርሃን ከ2000 በታች፣ ቢጫው አምፖል 2700 ገደማ፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ 5500 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ፣ በጨመረ መጠን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዛሬ የምንገዛቸው የኤልኢዲ አምፖሎች ካርቶን ላይ 3000 ወይም 6500 ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በቢጫ መብራት ቀይ ሊፒስቲክ ወደ ብርቱካን ይጠጋል፤ ሰማያዊና ሐምራዊ የዓይን ቀለም ደግሞ ይጠፋና ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ማታ ቢጫ መብራት ያለው ቤት እራት ከተጋበዝሽ ቀይሽ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ይሁን። በረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንት ሥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቀይ ብርሃን ያንሳል፤ ጉንጭና ከንፈር ይገረጣል። ቢሮ የምትውዪ ከሆነ ጉንጭሽ ላይ ሞቅ ያለ ቀለም ጣል አድርጊ። በቀን ፀሐይ ግን ምንም አይደበቅም። ቀነስ አድርጊ፣ አንገትሽ ድረስም አዋህጂው።

ካሜራስ? አንዳንድ ፓውደሮች ውስጥ ያሉት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ዚንክ ኦክሳይድና ሲሊካ የፍላሽን ብርሃን መልሰው ይወረውራሉ። በዓይን የማይታየው ፓውደር ፎቶ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ፊት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከቤት ሳትወጪ በፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሺ። የሐበሻ ቀሚስም የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራው ነጩን ልብስ አይቶ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ፊት ይጠቁራል። ያኔ ፊትን ማንጣት ሳይሆን ካሜራማኑን "ብርሃኑን በፊቴ ለካልኝ" ማለት ነው።

ወደ መልካችን እንምጣ። ቀይ ለሆነች ልጅ ለስለስ ያለ ሮዝ ይሄዳል። ለቀይ ዳማ የሸክላና የካራሜል ቀለም። ለጠይሟ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ቀይና የበሰለ እንጆሪ መልክ ግሩም ነው። ጥቁሯ እህቴ ደግሞ ደማቅ ቀይና ጥልቅ ሐምራዊ እንደ እሷ የሚያምርበት የለም። ጠይምና ጥቁር ልጆች የሚርቁት ኖራ የተቀላቀለበት የሚመስለውን የገረጣ ሮዝ ነው፤ አመዳም የሚያደርገው እሱ ነው።

ፋውንዴሽን ስትገዢ እጅሽ ላይ አትሞክሪ። መንጋጋሽ ላይ፣ ከአንገትሽ መጋጠሚያ ቀባ አድርጊና ከሱቁ ወጥተሽ በቀን ብርሃን በመስታወት እዪው። ሩብ ሰዓት ያህልም ታገሺ፤ ወዛም ፊት ላይ ሲቆይ የሚጠቁር አለና። ጠፍቶ ካላየሽው ያንቺ አይደለም።

ድሮ ኩባንያዎቹ ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ ብዙም አያስቡም ነበር። ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን በ1994 እ.ኤ.አ. የራሷን ሜካፕ ያወጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። ዘፋኟ ሪሃና በ2017 እ.ኤ.አ. ፋውንዴሽኗን በ40 ዓይነት ቀለም ስታወጣ ሌሎቹም ለመከተል ተገደዱ። ስለዚህ ዛሬ "የኔ ቀለም የለም" ብሎ የሌላ ሰው መልክ መግዛት ምክንያት አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በቅባት ያልቀላውን ፊት በማቅያ ክሬም ለማቅላት የሚደረገው ሩጫ ነው። አንዳንዶቹ ክሬሞች ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኛል። ሜካፕ ማታ ይታጠባል፤ የተጎዳ ቆዳና ኩላሊት ግን በሳሙና አይመለስም። "ቀላ ብትይ" የሚልሽ ጓደኛም ይሁን እጮኛ፣ ጥፋቱ ከመልክሽ ሳይሆን ከእሱ ዓይን ነው።

ያቺ ልጅ ሰሞኑን የታናሽ እህቷ ሠርግ ነበር። እህትየዋም ጠይም ናት። አስዋቢዋ ቀላ ያለውን ብልቃጥ ስታነሳ ታላቅየዋ እጇን ይዛ "የራሷን መልክ አድርጊላት" አለቻት። ፎቶው ደርሷል፤ እናትየው ሳሎን ሰቅለውታል። ቸር እንሰንብት!