ሌሊት ሞልቶ ቀን የሚያሞቅ፦ ስቶሬጅ ሂተር ለፍላት ይስማማል?

እንግሊዝ አገር ጋዝ ያልገባበት ፍላት የተከራየ ሰው፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰፊና ከባድ የብረት ሣጥን ተገጥሞ ያገኛል። አናቱ ላይ ሁለት ማዞሪያዎች አሉት፤ አንዱ ኢንፑት፣ ሌላው አውትፑት ይላል። ጧት ሲነኩት ይፋጃል። ማታ፣ ከሥራ ገብተው ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሰዓት፣ ለብ ብሎ ይጠብቃል። ለንደንም ሆነ ሊድስ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስቶሬጅ ሂተር ያውቁታል፤ ብዙዎቹም ያማርሩታል። የምሬቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ብቻ አይደለም። ሂተሩና የመብራት ታሪፉ ተጣምረው እንዲሠሩ የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ሲነጠል ሁለቱም ኪስ ያራቁታሉ።

የሣጥኑ ሽፋን ቢከፈት ውስጡ የተደረደሩ ጡቦች አሉ። የቤት ግድግዳ የሚሠራባቸው ዓይነት አይደሉም፤ ብረት ካዘለ ማዕድን ወይም ከማግኒዝየም ኦክሳይድ የተሠሩ፣ ጥቅጥቅ ያሉና ሙቀት የሚይዙ ናቸው። አንድ ሂተር ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው በነሱ ነው። በጡቦቹ መሃል ሬዚስታንስ ያልፋል፣ ዙሪያውን ደግሞ ሙቀት የሚያግድ ሽፋን ተደርጓል። መብራት በሚረክስበት የሌሊት ሰዓት ሬዚስታንሱ ይግላል፤ ጡቦቹም ብዙ መቶ ዲግሪ ድረስ ይሞቃሉ። ሲነጋ መብራቱ ይቋረጥና ጡቦቹ የያዙትን ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ጧት ገልጠው ከሚያቀጣጥሉት እሳት ጋር ሐሳቡ አንድ ነው።

ማዞሪያዎቹ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ኢንፑት ሌሊት ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠራቀም ይወስናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚነካው የነገን አየር አስቦ ነው። አውትፑት ደግሞ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ይከፍታል፤ አየር በጡቦቹ መሃል አልፎ ሞቆ የሚወጣው በዚያ ነው። ብዙ ሰው ብርድ ሲሰማው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዙሮ ይተዋል። መዝጊያው ተከፍቶ ያደረ ሂተር ግን የሚሞላውን እዚያው ሌሊቱን ያፈሳል፤ ቤተሰቡ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በተኛበት ሰዓት ሳሎኑ ይሞቃል፣ ማታ ሲፈለግ ባዶ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከመተኛት በፊት አውትፑትን ዝቅ ማድረግ፣ ቀን ላይም እንደዚያው መተው፣ ወደ ማታ መክፈት። መዝጊያው ቢዘጋም እንኳ የሣጥኑ አካል ጥቂት ሙቀት መስጠቱን አያቆምም።

ሌሊት መብራት የሚረክስበት ምክንያት የራሱ ታሪክ አለው። የድንጋይ ከሰልና የኒውክሌር ማመንጫዎች ሰው ሲተኛ ጠፍተው ጧት የሚበሩ አይደሉም። ሌሊት ፈላጊ ያጣውን ኃይል በርካሽ ለመሸጥ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1978 ኢኮኖሚ ሰቨን የተባለው ታሪፍ መጣ፤ በሌሊት ሰባት ሰዓት ርካሽ፣ በቀሪው አሥራ ሰባት ሰዓት ግን ከተራው ታሪፍ የሚወደድ። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚለየው በተጠቀሙት መጠን እንጂ በተጠቀሙበት ሰዓት አይደለም። እዚህ ግን ያው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ጧት ሌላ ዋጋ፣ ሌሊት ሌላ ዋጋ አለው።

ፍላቶች ለምን በኤሌክትሪክ ብቻ እንደሚሞቁ ለሚጠይቅ አንዱ መልስ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1968 ካኒንግ ታውን በሚገኘው ባለ 22 ፎቅ ሮናን ፖይንት ሕንፃ 18ኛ ፎቅ ላይ ጋዝ ፈነዳ። የሕንፃው አንድ ጥግ ከላይ እስከ ታች ተደረመሰ፣ አራት ሰዎች ሞቱ። ገና አዲስ፣ ሰው ከገባበት ሁለት ወር ገደማ የሆነው ሕንፃ ነበር። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ከተገጣጠሙ ብዙ ሕንፃዎች ጋዝ ወጣ። ጋዝ በሌለበት ደግሞ ለሕንፃው ባለቤት ቧንቧ የማይፈልገውና ጥገናው ቀላል የሆነው ስቶሬጅ ሂተር ተመራጭ ሆነ። የመረጠው ባለቤቱ ነው፤ ቢሉን የሚከፍለው ግን ተከራዩ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ስቶሬጅ ሂተር ኃይል አይቆጥብም፤ ይህን ማንም ሻጭ ሌላ ብሎ እንዳያሳምን። የትኛውም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ርካሹ ባለ ዘይት ራዲያተር ጭምር፣ የሚወስደውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ትርፉ ከዋጋው ልዩነት ብቻ ነው። መካከለኛ የሚባል ሂተር 2.55 ኪሎዋት ይስባል፤ በሰባት ሰዓት ወደ 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ለምሳሌ ያህል የሌሊቱን ዋጋ 15 ፔንስ፣ የቀኑን 30፣ ተራውን ታሪፍ 25 ብናደርገው፣ አንድ ሙሉ ሙሌት ሌሊት 2 ፓውንድ ከ68 ፔንስ ይፈጃል። በተራው ታሪፍ ያው ሙቀት 4 ፓውንድ ከ46፣ በኢኮኖሚ ሰቨን የቀን ዋጋ ደግሞ 5 ፓውንድ ከ36 ይሆናል።

በነዚሁ ዋጋዎች ኢኮኖሚ ሰቨን የሚያዋጣው ቢያንስ ሲሶው ፍጆታ ሌሊት ላይ ሲውል ነው። የቀኑ ዋጋ ወደ 32 ፔንስ ከወጣ ሲሶው አይበቃም፤ 40 በመቶ አልፎ መሄድ አለበት። ሰባት ሰዓት የቀኑ 29 በመቶ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ብቻ እያደረ የሚሠራበት፣ ሂተሩ የተነቀለበት ወይም የተበላሸበት ቤት እዚህ ታሪፍ ላይ ከቆየ በየቀኑ ይከስራል፤ ሲያበስልም፣ ቴሌቪዥን ሲያይም፣ ስልክ ሲሞላም የተወደደውን እየከፈለ ነው። ተቃራኒውም አለ። ሂተሩ እየሠራ ታሪፉ ወደ ተራ የተቀየረበት ቤት ሌሊቱን በሙሉ ዋጋ ሲሞላ ያድራል። ቢሉ በስሙ የሚመጣለት ተከራይ ታሪፉን ራሱ የመቀየር መብት አለው፤ ቆጣሪውን ለማስቀየር ግን አከራዩን ማማከር ተገቢ ነው።

የት እንዳሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ባለ ሁለት ዋጋ ቆጣሪ ሁለት ንባብ ያሳያል። ማታ ከመተኛት በፊትና ጧት ሲነሱ ሁለቱንም መጻፍ፣ በማግስቱ ማታም መድገም። የትኛው ቁጥር በሌሊት እንደሮጠ ሲታይ የሌሊቱ ዋጋ የትኛው እንደሆነም ይለያል። ሰዓቱ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ በአንዳንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ00፡30 እስከ 7፡30 ነው። ብዙ የቆዩ ቆጣሪዎች ደግሞ በክረምቱ ሰዓት ስለሚጸኑ በበጋ አንድ ሰዓት ዘግይተው ይቀያየራሉ። በቢቢሲ ራዲዮ ፎር ረጅም ሞገድ በሚላክ ምልክት የሚቀያየሩ አሮጌ ቆጣሪዎችም ነበሩ። ያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ደረጃ በደረጃ መዘጋት ስለጀመረ፣ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ያለው ሰው እንዲቀየርለት ሳይጠይቅ መዋል የለበትም።

ታዲያ ለማን ይስማማል? ለእኔ መልሱ ከሂተሩ ይልቅ በሰውዬው የቀን ውሎ ላይ ነው። ከላይም ከታችም ከጎንም ጎረቤት ያለው መሃል ፎቅ ፍላት ሙቀት ቶሎ አያፈስም። እዚያ ውስጥ ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ፣ ሕፃን የያዘች እናት ወይም ጡረታ የወጡ አባት፣ አሮጌው ስቶሬጅ ሂተር እንኳ ደህና ያገለግላል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ያሉ እህቶቻችን፣ ሲነጋ የሚገቡ ሾፌሮች ደግሞ ከማንም በላይ ይጠቀማሉ። እነሱ ቤት ሲገቡ ሂተሩ ገና ሞልቶ ማብቃቱ ነው፤ የሚተኙትም ሙቀቱ ባለበት ሰዓት ነው።

ጧት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ግን አሮጌው ሂተር ባዶ ቤት ሲያሞቅ ይውላል። ባለቤቱ ሲመጣ ቅዝቃዜው ይቀበለዋል፤ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ሂተር ይሰካና በተወደደው የቀን ዋጋ ያሞቃል። እኔ ያየኋቸው የሚያስደነግጡ ቢሎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው። ባለ ብዙ መስኮት የመጨረሻው ፎቅ ጥግም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት አዲሶቹ ሙቀት ያዥ ሂተሮች ልዩነት ያመጣሉ። ሽፋናቸው ወፍራም ነው፤ ሞልተው ካበቁ ከ18 ሰዓት በኋላ ቢያንስ 45 በመቶውን ሙቀት ይዘው መቆየት ይጠበቅባቸዋል። ቴርሞስታትና ሰዓት አላቸው፣ በሚፈለግበት ሰዓት በማራገቢያ ይለቃሉ፣ የሚሞሉትንም መጠን ራሳቸው ይገምታሉ። ዋጋቸው ከበድ ስለሚል የሚገዛቸው አከራዩ መሆን አለበት። ሂተሩ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነ ሌላም የሚያስቀይር ምክንያት አለ፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው አስቤስቶስ ስላለ ሽፋናቸውን በራስ እጅ መፍታት ለሳንባ አደገኛ ነው።

ፍል ውሃው እንዳይረሳ። በነዚህ ፍላቶች የውሃው ታንከር ብዙ ጊዜ ሁለት ሬዚስታንስ አለው፤ የታችኛው በሌሊት ዋጋ ሙሉውን ታንከር ያሞቃል፣ የላይኛው በቀን ሲቸገሩ ጥቂቱን ያሞቃል። የላይኛው በርቶ ከተረሳ የሂተሩ ቁጠባ በሙሉ በዚያ ይፈስሳል፤ ማብሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚሆን ሳይታይ ወራት ያልፋሉ። ልብስ ማጠቢያ ማሽንን በርካሹ ሰዓት ማሠራትም ያጓጓል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ማሽን እንዳይሠራ ይመክራሉ። ለሌሊቱ ሰባት ሰዓት መተው ያለበት ሂተሩና የታችኛው ሬዚስታንስ ነው፤ ልብሱ ከመተኛት በፊት ቢታጠብ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ሳንቲም ነው።