የሜፕል ዘመዶች በእስያና በኢሉባቦር

መግቢያ

ሜፕል የተባለው ዛፍ በኢሉባቦር አይበቅልም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካም በተፈጥሮ አይገኝም። ብዙዎቻችን ቅጠሉን የምናውቀው ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1965 በባንዲራዋ ላይ ካደረገችው ቀይ ቅጠል ነው። ይሁንና የሜፕል ዘመዶች የሆኑ ዛፎች በመቱ፣ በጎሬና በያዮ ዙሪያ ባለው ጫካ ውስጥ ይገኛሉ።

ቀደም ሲል የእጽዋት ሊቃውንት ሜፕልን ለብቻው አንድ ቤተሰብ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ በዘር ውርስ ላይ በተደረገው ጥናት ግን ሜፕል የእነ ክትክታና የእነ እምቡስ ቤተሰብ አባል መሆኑ ተቀባይነት አግኝቷል። በእስያ የሚበሉት ሊቺና ራምቡታንም የዚሁ ቤተሰብ ፍሬዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ዛፎች ጠባይ ገልጸን፣ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚህ ምን ሊጠቀሙ እንደሚችሉ እናሳያለን።

ባለ ክንፉ የቻይና ዛፍ

ለሜፕል ከሁሉም የሚቀርበው ዘመድ ዲፕቴሮኒያ ይባላል። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ሁለት ክንፍ ማለት ነው። የሜፕል ፍሬ በአንድ ወገን ብቻ የረዘመ ክንፍ ሲኖረው፣ የዲፕቴሮኒያ ፍሬ ግን ክንፉ ዘሩን ዙሪያውን ይከበዋል። ፍሬው ጥንድ ጥንድ ሆኖ በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሲደርስ ነፋስ ይወስደዋል።

በዛሬው ዘመን በሕይወት ያሉት የዲፕቴሮኒያ ዝርያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከቻይና ውጭ በተፈጥሮ አይገኙም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1889 ስም የወጣለት ሲሆን በመካከለኛውና በደቡቡ የአገሪቱ ተራራማ ቦታ ይበቅላል። በ1900 አካባቢ ዊልሰን የተባለው ዘር ሰብሳቢ ወደ እንግሊዝ አገር ስላስገባው በአንዳንድ የእጽዋት ማኖሪያዎች ተተክሎ ይታያል። ሁለተኛው ዝርያ በዩናን ክፍለ ሀገርና በአካባቢው በተበታተኑ ጥቂት ቦታዎች ብቻ የቀረ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ ድሮም እንዲህ ብርቅ አልነበረም። የፍሬው ቅርጽ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ባስቆጠሩ ድንጋዮች ላይ ታትሞ ተገኝቷል። ሁለት አህጉሮችን ይዞ የነበረ ዛፍ ዛሬ በአንድ አገር ሸለቆዎች ተወስኗል። በማኖሪያ ውስጥ የተተከሉት ጥቂት ዛፎች ዝርያውን ከመጥፋት ለማዳን ይረዳሉ። ነገር ግን ከጥቂት እናት ዛፎች የተገኙ ስለሆኑ በጫካው ውስጥ የነበረውን የዘር ልዩነት ሁሉ አይዙም። ስለዚህ የአንድ ዛፍ ዋናው ጎተራ የተፈጥሮ ቦታው ነው።

ከሩቅ የመጣ ዛፍ መቼ ይለምዳል?

ከእስያ የመጣ ተክል በኢሉባቦር ሊለማ እንደሚችል በጎሬ አጠገብ በጉመሮ ያለው የሻይ እርሻ ምስክር ነው። የሻይ ተክል መነሻውም ዩናንና አጎራባቾቹ ናቸው። ሻይ የለመደው ግን የሚፈልገውን ብዙ ዝናብ፣ ለስላሳ አየርና ኮምጣጣ አፈር ስላገኘ ነው።

አብዛኛዎቹ ሜፕሎች ከዚህ ይለያሉ። በብርድ ወራት ቅጠላቸውን አራግፈው ያርፋሉ፤ የብዙዎቹ ዘርም ለሳምንታት በእርጥብ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ አይበቅልም። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ውርጭ የማያውቃት፣ የቀኑ ርዝመትም ከወር ወር ብዙ የማይለዋወጥባት ከተማ ናት። ስለዚህ ለጌጥ ተብሎ የሜፕል ዘር ማስመጣት ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው። ብርቅ የሆነውን ዲፕቴሮኒያ መሻት ደግሞ ለገበሬው የሚሰጠው እንጨትም ሆነ የሚሸጥ ፍሬ ስለሌለ ከቶ አይመከርም። ከውጭ የሚገባ ማናቸውም ዘር በኳራንቲን ሳይመረመር ወደ ችግኝ ጣቢያ መግባት የለበትም።

በዝምድና የሚወረስ መርዝ

የእጽዋት ዝምድና ለስም ብቻ አይደለም፤ ጠቃሚውም ጎጂውም ጠባይ አብሮ ይወረሳል። ሃይፖግላይሲን የተባለው መርዝ አኪ በተባለው የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ጥሬ ፍሬ ውስጥ ይገኛል። መርዙ ሰውነት ስብን ወደ ኃይል እንዳይለውጥ ስለሚያግድ በደም ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ዝቅ ይላል። በአውሮፓ አንዳንድ ሜፕሎች ባሉበት መስክ የተሰማሩ ፈረሶች የወደቀውን ዘር በልተው የሞቱት በዚሁ መርዝ ነው። በሕንድ አገር በሙዛፈርፑር እ.ኤ.አ. በ2014 በሕፃናት ላይ የደረሰው ሞት በተጠና ጊዜም፣ ራታቸውን ሳይበሉ ያደሩና ብዙ ሊቺ የበሉ ልጆች ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ታውቋል።

የአኪ የቅርብ ዘመድ የሆነ ዛፍ በያዮ ጫካ ውስጥ ይበቅላል። ፍሬው ሲደርስ ቀልቶ ይከፈታል፤ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ዘሩም ይታያል። የልማት ሠራተኞች፣ ሕፃናት ይህን ፍሬ እንዳይቀምሱ ለወላጆች ማስገንዘብ ይገባቸዋል። ሊቺ ለመትከል የሚያስብ ማኅበርም፣ ፍሬው ሳይበስል እንዳይበላ፣ ባዶ ሆዱን ያደረ ልጅም በሊቺ ብቻ እንዳይጠግብ ከወዲሁ ይወቅ።

በእጃችን ያሉት ዘመዶች

እምቡስ። በኦሮምኛ እንደየአካባቢው ሰኦ ወይም ሰራራ ይባላል። በአንድ አገዳ ላይ ሦስት ሦስት ቅጠል ይይዛል፤ አበባው ነጭና ደቃቅ፣ ፍሬው ሲበስል ቀይ ነው። ለማገዶና ለእርሻ መሣሪያ እጀታ ያገለግላል፤ ንቦችም አበባውን ይቀስማሉ። ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ያዛምቱታል።

ክትክታ። በኦሮምኛ ኢታቻ ይባላል። ፍሬው እንደ ዲፕቴሮኒያ ፍሬ ክንፍ ያለው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ገላጣና የተጎዳ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅል በመሆኑ፣ አፈሩ ለተሸረሸረ ተዳፋት ተስማሚ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለቤት ግድግዳና ለማገዶ ይፈለጋል።

ያዮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም ቡና በሚለማበት ጫካ ሁሉ አንድ ችግር አለ። ለለቀማ እንዲመች ከቡናው ሥር ያለው ሲመነጠር፣ ከአረሙ ጋር የዛፍ ቡቃያዎችም አብረው ይታጨዳሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ጫካው ያለ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ወጣት የለም። ከዲፕቴሮኒያ ታሪክ ለቡና ገበሬው የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ ዛፍ የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ተተኪ በማጣትም ይጠፋል።

ለማኅበራት የሚሰጥ ምክር

1. ምንጣሮ ከመጀመሩ በፊት የዛፍ ቡቃያዎችን እየለዩ በእንጨት ችካል ምልክት ማድረግና ከማጭድ ማዳን ያስፈልጋል። ይህ ወጪ የለውም።

2. ዘር ከአንድ ዛፍ ብቻ አይሰብሰብ። እርስ በርሳቸው ከተራራቁ ብዙ ጤናማ እናት ዛፎች መልቀም፣ የተለቀመበትንም ቦታና ቀን መመዝገብ ይገባል።

3. የእምቡስን ቀይ ፍሬ አሽቶና አጥቦ ሥጋውን ካስወገዱ በኋላ፣ ዘሩ ሳይሰነብት ጥላ ባለው መደብ ላይ መዝራት ነው።

4. የክትክታ ዘር ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። ውኃ አፍልቶ ከእሳት ካወረዱ በኋላ በዘሩ ላይ ማፍሰስ፣ እዚያው እየቀዘቀዘ እንዲያድር መተው፣ በማግስቱም መዝራት ይገባል። ዘሩን እሳት ላይ መቀቀል ግን ይገድለዋል።

5. ችግኙ ዝናቡ ከጸና በኋላ ይተከል። ክትክታ ለገላጣው ተዳፋት፣ እምቡስ ለጫካው ዳርና ለተከፈተው ቦታ ይሁን። በቡናው ውስጥ ግን ዋንዛ፣ ሳሳና ብርብራ የተለመደውን የጥላ አገልግሎት ስለሚሰጡ እነሱን አይተኩም፤ ከእነሱ ጋር ይሰባጠራሉ።

የችግኝ ጣቢያ ያለው ማኅበር ሁሉ በሚመጣው የዘር መሰብሰቢያ ወቅት ከመደቦቹ አንዱን ለአገር በቀል ዛፎች እንዲመድብ እናሳስባለን። የልማት ሠራተኞችም በየቀበሌያቸው የቀሩትን እናት ዛፎች ከሽማግሌዎች ጋር ዞረው ይቁጠሩ፤ ከሥራቸው ቡቃያ መኖር አለመኖሩንም አብረው ይመዝግቡ። እናት ዛፉ ቆሞ ሳለ ዘር መልቀም ቀላል ነው፤ ከወደቀ በኋላ ግን ከየትም አይገኝም።