በአገራችን ስም የተጠሩ ሰርጓጅ መርከቦች

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች «ዩ ሲ» የተባሉትን ሰርጓጅ መርከቦች የሠሩት በተለይ የባሕር ፈንጂ እንዲያኖሩ ነበር። የዚህ መደብ ሁለተኛው ዐይነት፣ ከፊት በኩል ዘንበል ብለው በተተከሉ 6 ቧንቧዎች ውስጥ 18 ፈንጂዎች ይይዝ ነበር። መርከቡ ወደ ጠላት ወደብ ተጠግቶ ፈንጂዎቹን አንድ በአንድ ይለቃል፤ መልሕቁ ከባሕሩ ወለል ሲያርፍ ፈንጂው በገመድ ታስሮ ከውሃው ገጽ በታች ተንሳፎ ይቀራል። እነዚህ መርከቦች ከፊደልና ከቍጥር በቀር ስም አልነበራቸውም።

የኢጣልያ ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን «የአድዋ መደብ» የተባሉ 17 ሰርጓጅ መርከቦች አሠራች። እነዚህ ከፈንጂ ይልቅ በቶርፔዶ የሚዋጉ ነበሩ። ርዝመታቸው 60 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 6 የቶርፔዶ መተኰሻና አንድ መድፍ ነበራቸው። ከ17ቱም መካከል አድዋ፣ አክሱም፣ አላጌ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡርና ዋቢ ሸበሌ የሚባሉ ይገኙባቸዋል።

እነዚህ ስሞች ለምን ተመረጡ? ዝርዝሩን ለሁለት ከፍለን ብንመለከተው ምክንያቱ ይገለጥልናል። ተምቤን፣ አራዳም፣ ሽሬና አሸንጌ በ1928 ዓ.ም. ወራሪው በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ታግዞ ድል ያደረገባቸው ስፍራዎች ናቸው። አላጌ፣ መቀሌና አድዋ ግን በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የተሸነፈባቸው ናቸው። የድሉን ስም ከሽንፈቱ ስም ጋር አንድ ላይ ማሰለፉ፣ በእኛ አስተያየት፣ የቀድሞውን ውርደት በአዲሱ ድል ለመሸፈን የታሰበ ነው።

የመርከቦቹ ዕጣ ግን እንደ ስም አውጪዎቹ ምኞት አልሆነም። «መቀሌ» ከምጽዋ ተነሥቶ ገና በመጀመሪያው የጦርነት ጕዞው፣ ከማቀዝቀዣው መሣሪያ ያመለጠ መርዘኛ ጋዝ መርከበኞቹን ስላደነዘዛቸው፣ ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ከባሕር ውስጥ ዐለት ላይ ወጥቶ ጠፋ። «አድዋ» መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ መርከቦች ሰጠመ። ብርቱ ጕዳት ያደረሱም አልጠፉም፤ «ሽሬ» ተሸክሞ ያመጣቸው ጠላቂዎች በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. በእስክንድርያ ወደብ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን አበላሹ፤ «አክሱም»ም ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በተኰሳቸው 4 ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታ። ይሁን እንጂ ከ17ቱ መካከል ጦርነቱን አልፎ የተረፈው «አላጌ» ብቻ ነው። የአላጌ አምባ ራሱ ግን በግንቦት 1933 ዓ.ም. የአውስታው መስፍን ከነጦሩ እጁን የሰጠበት ስፍራ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ይህ ነገር ከባሕር ርቆ ለሚኖረው ለጨንቻ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከደጁ ነው። ከጨንቻ ከፍታ ቍልቍል የሚታየው የአባያ ሐይቅ፣ ቦተጎ የተባለው ኢጣልያዊ አገር አሳሽ በንግሥቱ ስም «ማርገሪታ» ብሎ ስለ ሰየመው፣ ለብዙ ዘመን በአውሮፓ ካርታዎች ላይ በዚሁ ስም ሲጻፍ ኖሯል። በሐይቁ ላይ የራስን ስም መጫንና የሌላውን አገር ስም ወስዶ በመርከብ ላይ መጻፍ፣ አካሄዳቸው ቢለያይም ዓላማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «ይህ የእኔ ነው» ማለት ናቸው።

የአገሩ ሰው ግን አባያን አባያ ማለቱን አልተወም። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ከጦርነቱ ቀንና ከመሣሪያው ቍጥር ጋር፣ ስሙን ማን አወጣው፣ ለምንስ አወጣው ብሎ መጠየቅን ሊለምድ ይገባል እንላለን።