የፈረንሳይ የጦር ተሽከርካሪዎችና የሐረር ፔጆ

በሐረር ፈረስ መጋላ ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠባበቁት አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች የከተማዋ መታወቂያ ሆነው ቆይተዋል። የመጡበት መስመር ግን ከእነርሱ በፊት የጦር መሣሪያ የተመላለሰበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ያመጣው ከታጁራ ተነሥቶ ሲሆን፣ በ1887 ክፍያውን ፍለጋ የወረደው ወደ ሐረር ነበር። በ1902 የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ አለፈ፤ ዳገቱን መውጣት ለአጋሰስ፣ በኋላም ለመኪና ተተወ።

ፈረንሳይ ራሷ የመኪናን ጥቅም በጦር ሜዳ የተረዳችው በችግር ቀን ነው። በመስከረም 1914 ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲቃረቡ 600 ያህል የሬኖ ታክሲዎች ወታደሮችን ወደ ማርን ግንባር አጓጓዙ። በ1916 ደግሞ የቬርደን ምሽግ ስንቅና ጥይት ያገኘው በአንድ ጠባብ መንገድ ሌት ተቀን ከሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሬኖ ኤፍቲ የተባለው ታንክ ተሠራ። መድፉን የተሸከመው ማማ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ነጂው ከፊት ነው፤ የዛሬ ታንኮችም በአብዛኛው ይህንኑ አቀማመጥ ይከተላሉ። ጣሊያኖች ይህን አብነት አድርገው ፊያት 3000ን ሠሩ። ከወረራው በፊት ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት ታንኮች ከዚሁ ዓይነት መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ጦር የገባው የፈረንሳይ ሥራ ፓናር ኤኤምኤል የተባለው ብረት ለበስ ነው። በሰንሰለት ሳይሆን በአራት ጎማ ይሄዳል፤ ሦስት ሰው ይይዛል፤ ክብደቱም አምስት ቶን ገደማ ነው። ትራክተር ያየ ገበሬ ልዩነቱን አያጣውም፦ ሰንሰለት ጭቃና እርሻ ላይ ይበረታል፣ ነዳጅ ግን ይፈጃል፣ አስፋልትም ያርሳል፤ ጎማ በመንገድ ላይ ፈጣንና ለጥገና ቀላል ነው፣ ረግረግ ላይ ግን ይሰምጣል።

ፔጆ 404 የጦር መኪና አልነበረም። ጥንካሬው ግን በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ተፈትኗል፤ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፏል። በፈረንሳይ ምርቱ በ1975 ስለቆመ፣ ዛሬ ለአንዱ ፔጆ መለዋወጫ የሚገኘው በአብዛኛው ሌላው ሲፈታ ነው።