የመብትን አንቀጽ የጻፉት የሲያደብሩ ሰው

አንባቢ ሆይ፤ «በሕግ አምላክ!» የሚለውን ቃል ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። በአባቶቻችን ዘመን ይህ ቃል የፖሊስን ሥራ ይሠራ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ፣ ተበደልሁ ያለው ባላጋራውን በዚህ ቃል ያቆመዋል፤ ነጠላቸውንም ቋጥረው አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ይሟገታሉ። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጋር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሌላ ተረት አለን። ጎረቤት ጎረቤቱን ሊያቆም ይችላል፤ ሹሙን የሚያቆመው ግን ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንቀጽ በአገራችን ሕገ መንግሥት ውስጥ አስቀድሞ ያሰፈረው ሰው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነበር።

የዳኝነት አገር

ሰሜን ሸዋ ለሕግ እንግዳ አገር አይደለም። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም በእርሳቸው ዘመን ወደ አገራችን እንደ ገባ በትውፊት ይነገራል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በኋላም ምኒልክ በዚያ ሆነው የባላገሩን አቤቱታ ሰምተዋል። ንጉሡ ደግ ሲሆን ፍርዱም ደግ ይሆናል። ደግ ባይሆን ግን ተበዳዩ «ይህ ይገባኛል» ብሎ የሚጠቅሰው የተጻፈ መብት አልነበረውም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በተጉለት፣ ሲያደብር በተባለች መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩና በፒተርስቡርግ የመድፈኛነትን ሙያ ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱም ሥራቸው ብዙ ነበር። ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ አሰበ ተፈሪን የመሠረቱም እርሳቸው ናቸው። «ፋቡላ» የተባለው፣ አውሬዎችን እያናገረ የሹማምንትን ጉቦና ስንፍና የሚተቸው ተውኔታቸው የዘመናዊ ቴአትራችን መጀመሪያ ነው። ይኸው ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እነሆ፣ ሹም በቃል ሲነካ ምን እንደሚከተል ደራሲው በራሳቸው ላይ አዩት ማለት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ታዘዙ። በአገሪቱ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ሕግ የሚማሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልነበረም። አርቃቂው በምሳሌነት የወሰዱት የጃፓንን የ1881 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነበር። ሥራውም ተጠናቅቆ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በ55 አንቀጽ ታወጀ።

አሥራ ሁለቱ አንቀጾች

ከ18 እስከ 29 ያሉት አንቀጾች የሕዝቡን መብትና ግዴታ ይናገራሉ። አንቀጽ 23 ማንም ሰው ያለ ሕግ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ይከለክላል። አንቀጽ 24 ማንም ያለ ፈቃዱ በተቋቋመው ፍርድ ቤት ከመዳኘት መብቱ እንዳይከለከል ይላል። ቤት በዘፈቀደ እንዳይበረበር፣ ደብዳቤ እንዳይከፈት፣ ንብረት እንዳይነጠቅ ተጽፏል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ቀድሞ ደጅ በመጥናት የሚለመነው ነገር በመብት ስም ሲጠራ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ልብ ብለህ ተመልከት። በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ «ሕግ ካልፈቀደ በቀር» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። ሕጉን የሚያወጣው ማን ነበር? የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውንም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። በመጨረሻም አንቀጽ 29 በጦርነትና በመከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሥልጣናቸው የሚያደርጉትን እነዚህ መብቶች እንደማያግዱት ይናገራል። ይህም ከጃፓኑ ሕገ መንግሥት ጋር የመጣ ነው። ስለዚህ ቤቱ ተሠርቷል፤ የጓሮው በር ግን ክፍት ነበር።

ያልተዘጋው በር

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የኢጣሊያን ግፍ ተከራክረዋል። የጠላት ወረራ ከመጣ በኋላ ተሰድደው በማዳጋስካር ለረጅም ዘመን ኖሩ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት በስተርጅና ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመብቱን ምዕራፍ አሰፋ፤ የሕግ መምሪያ አባላትንም ሕዝቡ እንዲመርጥ ፈቀደ። ሆኖም ትልቁ ሥልጣን ከዘውዱ አልወጣም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ያንን ሕገ መንግሥት አገደው። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም የቀድሞ ሹማምንት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነርሱም መካከል በፓሪስ ሕግ የተማሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይገኙባቸዋል። በሥልጣን ላይ ሳሉ የመብት አጥር ለሌላው ሰው እንጂ ለራሳቸው የሚያስፈልግ የማይመስላቸው ሹማምንት ብዙዎች ናቸው፤ ያ ቀን ግን አጥሩ ለሁሉም እንደሚያስፈልግ አሳየ። አንቀጽ 24ን የጻፉት ሽማግሌ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። «የሕይወቴ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸውም ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትሟል።

ለአንተ የሚተርፈው

ዛሬ የሚሠራበት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ስለ መብት ይናገራል። የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ በአንቀጽ 19 ያዛል። የ1923ቱ «ያለ ሕግ አይታሰር» ብሎ ሲያቆም፣ ይኸኛው ሰዓት ቆረጠ። በሰዓት የተቆረጠ መብት ለመጠየቅ ይቀልላል፤ ባለሥልጣኑም ቢያሳልፈው ጥፋቱ በግልጽ ይቆጠርበታል።

እንግዲህ ተማሪ ከሆንህ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንብብ፤ «ካልሆነ በቀር» የሚል ቃል ባገኘህ ቁጥርም ማን እንደሚወስነው ጠይቅ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆንህ ደግሞ ነገ ጧት ከገጠር የመጣ ሰው ማመልከቻ ይዞ ከጠረጴዛህ ፊት ይቆማል። ወረቀቱን ተቀብለህ በመዝገብ ብታገባው፣ ቁጥርና ቀን ብትሰጠው፣ መልስ የሚያገኝበትን ቀን ብትነግረው፣ የሲያደብሩ ሰው በአንቀጽ 28 የጻፉት ነገር ተፈጸመ ማለት ነው። «ነገ ተመለስ» ብለህ ብትሰድደው ግን፣ ሕገ መንግሥቱ የቱንም ያህል አንቀጽ ቢኖረው ለዚያ ሰው አልተጻፈለትም።