ጣዝማ ወንድ የምትፈለፍለው መቼ ነው?

ባለፈው ተርም ስለ ንብ ስናስተምር “የወንዱ ንብ የሰም ክፍል ከሠራተኛዋ ይሰፋል፤ ንብ ሁሉ እንዲሁ ነው” ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። በፈተናም ጠየቅን። ከከፋ በኩል የመጣ አንድ ተማሪያችን “የጣዝማ እኩል ነው” ብሎ መለሰ፤ ኤክስ አደረግንበት። “ቲቸር፣ አባቴ ሲቆፍር አይቻለሁ እኮ!” ብሎ ተከራከረን። ብናነብ ልጁ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ ከማይነድፉት ንቦች ወገን ናት። በእነዚህ ንቦች ዘንድ ሠራተኞቹ ክፍሉን በምግብ ይሞሉታል፣ ንግሥቲቱ እላዩ ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ ወዲያው ይታሸጋል። የንግሥት ክፍል በብዙዎቹ ዘንድ ተለቅ ይላል፤ የወንድና የሠራተኛ ግን አይለይም። ወንድ የሚወጣው ካልዳበረ እንቁላል ነው። በብዙ ዝርያዎች ሠራተኞችም እንቁላል ይጥላሉ፤ ስለማይጠቁ የእነሱ ልጆች ወንዶች ብቻ ናቸው።

ታዲያ መቼ? ወሩን ሳይሆን ጎተራውን ማየት ነው። በሜክሲኮ ዩካታን ማያዎች በሚያረቧት ሜሊፖና ቤቼይ በምትባል ንብ ላይ የተደረገና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ብዙ ምግብ ያከማቸ መንጋ ብዙ ወንድ እንደሚያፈራ አሳይቷል። ፕሌቤያ ሬሞታ የምትባለው የብራዚል ንብ ደግሞ በቅዝቃዜው ወራት አዲስ ክፍል መሥራቱንም ታቆማለች፤ ያኔ ወንድም ሴትም የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንዱ ካደገ በኋላ ቤቱን ጥሎ ይወጣል፣ አይመለስም። ወጣት ንግሥት ያለችበት ጎጆ ደጃፍ ከሌሎች ወንዶች ጋር ተሰብስቦ ይጠብቃል። እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ጋር ብቻ ነው የምትጠቃው። አዲስ ጎጆ ሲመሠረትም እናት ጎጆ ሰምና ስንቅ ታመላልሳለች። ይህ ሁሉ ትርፍ ይፈልጋል። አንዷ ተማሪ “ራሽን ሲቀነስ ሰርግ እንደሚቀረው ነዋ!” ስትል ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እኛም ሳቅን፣ ቀልድ ብቻ ባይሆንም።

አገር ቤት የጣዝማ ማር ለመድኃኒት ይፈለጋል፤ ጎጆው ተቆፍሮ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም ይፈርሳል። ቆፋሪ የሚመኘው ማር የሞላበትን ነው። ጎተራው ሲሞላ ደግሞ ወንዶቹ የሚበዙበት ጊዜ ከሆነ፣ የሚጠፋው ያ ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ንግሥቶችን የሚያጠቁት ወንዶችም ናቸው ማለት ነው። ማያዎች ግን ንቧን በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ አኑረው ማሩን ይቀዳሉ፤ ጎጆው ይቀጥላል።

የልጁን ማርክ አስተካክለናል። ወረቀቱን ያልመለሳችሁ ሌሎች ተማሪዎችም አምጡልን።