ተጨማሪ መረጃ፦ ማታ ማታ ቤቱ እንዴት ይበራል?

በዴንማርክ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን የሚቆየው ለ7 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዴንማርካውያን ግን ረጅሙን ምሽት የሚያሳልፉት ቤቱን ቦግ አድርገው አይደለም፤ ቢጫ ብርሃን የሚሰጡ ትናንሽ መብራቶችን በየጥጉ ያበራሉ፣ ሻማም ይለኩሳሉ። ዴንማርካዊው ንድፍ አውጪ ፖውል ሄኒንግሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒ.ኤች. 5 የተባለ መብራት ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ተደራራቢ ክዳኖቹ አምፖሉን ሰውረው ብርሃኑን ወደ ገበታው ስለሚያወርዱት የተመጋቢውን ዓይን አይወጋም። ግሩም ብልሃት ነው!

በጃፓን ግን በብዙ ቤቶች ከጣሪያው መሐል የሚወርድ ነጭ መብራት ክፍሉን ሁሉ ያደምቀዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ደራሲው ጁኒቺሮ ታኒዛኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመረው ድርሰት፣ የኤሌክትሪክ መብራት መብዛት የጥንቱን ቤት ደብዛዛ ውበት እያጠፋው ነው ብሎ አዝኗል። እዚህ እኛ ዘንድ ግን በኩራዝ ጭስ ዓይኑ እየተቃጠለ ያጠና ሰው ደማቁን ነጭ አምፖል ቢመርጥ ልክ ነው።

አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚገልጸውን ቁጥር አንብቡ፦ 2,700 ኬልቪን ቢጫ፣ 6,500 ኬልቪን ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ይሰጣል።